«ረን» ሲባል የሚሮጠው ማን ነው?

የዚህ እትም የቋንቋ ዓምድ በሙሉ ለአንድ የእንግሊዝኛ ግሥ ተሰጥቷል። «ረን» ስለሚለው ቃል ከተለያዩ አንባቢያን የደረሱን ጥያቄዎች ተቀራራቢ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድነት ልናስተናግዳቸው ወደድን። ለንባብ እንዲመች የአሁኑን ጊዜ ቅርጽ «ረን»፣ የኃላፊውን ጊዜ ደግሞ «ራን» ብለን ጽፈናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በትርፍ ጊዜዬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እተረጉማለሁ። «ረን» ማለት «ሮጠ» ማለት ነው ተብዬ በልጅነቴ የተማርኩ ቢሆንም፣ በማነባቸው ጽሑፎች ውስጥ ግን ወንዙም፣ አፍንጫውም፣ ድርጅቱም፣ ኮምፒውተሩም በዚሁ ቃል ሲገለጹ አያለሁ። አንድ ቃል ይህን ያህል ትርጉም እንዴት ሊሸከም ቻለ? ሁሉንም በቃል መያዝስ ይቻላል?

መልስ፦ በቃል መያዙን ከወዲሁ ቢተዉት ይሻላል። የኦክስፎርድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በ1989 በታተመው ሁለተኛ እትሙ እጅግ ረጅሙን ማብራሪያ የሰጠው «ሰት» ለሚባለው ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሞቹም 430 ያህል ነበሩ። የመዝገበ ቃላቱ አዘጋጆች በ2011 «ረን»ን እንደ አዲስ ሲያሰናዱ ግን ለግሡ ብቻ 645 ትርጉሞች ቆጠሩ፤ ሥራውን የያዙት ፒተር ጊሊቨርም በዚህ በአንድ ቃል ላይ ዘጠኝ ወራት ያህል አሳልፈዋል። ዕድሜውን ሙሉ በቃላት መካከል የኖረ ባለሙያ ይህን ያህል ጊዜ የወሰደበትን ነገር አንድ ተማሪ በሽምደዳ እጨርሰዋለሁ ቢል የሚያተርፈው ድካም ነው። በሌላ በኩል ቁጥሩ ሊያስደነግጥዎ አይገባም። እንዲህ ያለ መዝገበ ቃላት ዛሬ ማንም የማይናገራቸውን የጥንት አገባቦች ሳይቀር ይመዘግባል፤ ለፈረስ፣ ለመርከብና ለዓሣ የተነገረውንም በየፊናው ለይቶ ይቆጥራል።

ምስጢሩ ያለው በቃሉ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሪናን» ወይም «ኢርናን» የሚባል ግሥ ነበረ፤ ይህም ለሰውና ለእንስሳ ሲነገር መሮጥን፣ ለውኃ ሲነገር መፍሰስን ያመለክት ነበር። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ጀርመንኛ ሁለቱን ነገሮች እስከ ዛሬ ለይቶ ይዟል፤ «ሬነን» ሲል መሮጥን፣ «ሪነን» ሲል ደግሞ መፍሰስን ይናገራል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን በአንድ ቃል ሥር አኖራቸው። ስለዚህ ወንዝ፣ እንባና አፍንጫ «ረን» ሲሉ እየሮጡ አይደለም፤ ቃሉ የመፍሰስን ትርጉም ከመጀመሪያውም ይዞት ስለ ነበረ ይህን አገባብ ከሩጫ የተወሰደ ዘይቤ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። የልብስ ቀለም በእጥበት ጊዜ «ረን» ሲል «ቀለሙ ለቀቀ» የምንለው፣ ቅቤ በሙቀት «ረን» ሲል «ቀለጠ» የምንለው ሁሉ ከዚሁ ከፈሳሹ ወገን የመጣ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ግሥ ነበረ። እሱም «ኧርናን» ይባል የነበረ ሲሆን በፈረስ መጋለብን፣ እንስሳን ማስሮጥን ያመለክት ነበር። ልዩነቱ ለአማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ይገባዋል፤ እኛ «ሮጠ» እና «አስሮጠ»፣ «ሄደ» እና «አስኬደ» እያልን በግሡ መነሻ ላይ በምንጨምረው ፊደል ድርጊቱን ራሱ የፈጸመውን፣ ሌላው እንዲፈጽመው ካደረገው እንለያለን። እንግሊዝኛም ቀድሞ ይህን የመሰለ መለያ ነበረው። በመካከለኛው ዘመን ግን ሁለቱ ግሦች ተዋሕደው አንድ መልክ ያዙ፤ ዛሬ «ሮጠ»ንም «አስሮጠ»ንም የሚናገረው ያው አንዱ «ረን» ነው። የቀረው መለያ ከግሡ በኋላ ተሳቢ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ብቻ ነው።

በእኔ አስተያየት አንድ ተርጓሚ ስለ «ረን» ማወቅ ካለበት ነገር ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ከግሡ ቀጥሎ ተሳቢ ካገኙ፣ በአማርኛው ግሥ መነሻ ላይ «አ» ወይም «አስ» የሚገባበትን ቃል ይፈልጉ። ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ላይ «ረን» ካለ ፕሮግራሙ እየሠራ ነው፤ ባለሙያዋ ፕሮግራሙን «ረን» ካደረገችው ግን አስነሥታዋለች ወይም አስኪዳዋለች። ላቦራቶሪ ምርመራን «ረን» ሲያደርግ ምርመራ አካሄደ፤ ጋዜጣ ዜናን «ረን» ሲያደርግ ዜናውን አወጣ እንላለን። ድርጅትን «ረን» ማድረግማ ከእኛው አነጋገር ጋር በጣም የሚቀራረብ ነው፤ «ሥራ አስኪያጅ» የምንለው ሰው በስሙ ውስጥ ያንኑ «ማስኬድ» ይዞ ይገኛልና።

ደንቡ ግን ሁሉን አይገዛም። ትኩሳትን «ረን» የሚያደርግ ሰው ትኩሳት ይዞታል እንጂ ትኩሳት እያስኬደ አይደለም። ቀይ መብራትን «ረን» ያደረገ አሽከርካሪ መብራቱን ጥሶ አልፏል። አደጋን «ረን» የሚያደርግም ለአደጋ የተጋለጠ ሰው ነው። እነዚህን በየጊዜው ሲያጋጥሙ መያዝ እንጂ ሌላ መንገድ የላቸውም።

ከሩጫውም፣ ከፍሰቱም፣ ከማስኬዱም ሌላ የሚቀረው መዘርጋት ነው። መንገድ በወንዝ ዳር «ረን» ይላል፤ የተራራ ሰንሰለት ከሰሜን ወደ ደቡብ «ረን» ይላል። የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ የሚንቀሳቀሰው የተመልካቹ ዓይን ነው። አማርኛም በዚህ ረገድ ሩቅ አይደለም፤ «መንገዱ በወንዙ ዳር ይሄዳል»፣ «ተራራው እስከ ባሕሩ ይዘልቃል» ስንል መንገዱም ሆነ ተራራው ከቦታው እንደማይነቃነቅ ማንም ያውቃል። ለነገሩ የእኛን «ገባ» ለሚማር የውጭ ሰው ፀሐይ ስትገባ፣ ነገር ሲገባው፣ ሰው ቃል ሲገባና ዕዳ ውስጥ ሲገባ ማየት ከዚህ ያነሰ ግራ የሚያጋባ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ በሕግ ሰነዶች ትርጉም ላይ የምሠራ ነኝ። ውል፣ የይርጋ ጊዜና የእስራት ቅጣት «ረን» ሲሉ አገኛለሁ። ባልደረባዬ ሁሉንም «ይሮጣል» ብሎ መተርጎም ለዋናው ሰነድ ታማኝ መሆን ነው ይለኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ታማኝነት ለሐሳቡ እንጂ ለቃሉ መልክ ስላልሆነ፣ ባልደረባዎ ያቀረቡት መንገድ አንባቢውን ከማሳሳት በቀር የሚፈይደው የለም። ውል ለሁለት ዓመት «ረን» ካለ ለሁለት ዓመት ጸንቶ ይቆያል ማለት ነው። የይርጋ ጊዜ ከአንድ ቀን ጀምሮ «ረን» ካለ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆጠር ይጀምራል እንላለን፤ በሕግ አማርኛ የተለመደውና ማንም ዳኛ ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ይኸው «መቆጠር» ነው። ወለድ «ረን» ሲልም እንዲሁ ወለዱ ይታሰባል ወይም ይቆጠራል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በቅጣት ላይ ነው። አንድ ተከሳሽ በሁለት ወንጀሎች ጥፋተኛ ሆኖ በአንደኛው አምስት ዓመት፣ በሁለተኛው ሦስት ዓመት ተፈረደበት እንበል። የእንግሊዝኛው ፍርድ ቅጣቶቹ «ረን ኮንከረንትሊ» ይበሉ የሚል ከሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ ጎን ለጎን ስለሚቆጠሩ ሰውየው የሚታሰረው አምስት ዓመት ነው። «ረን ኮንሰኪዩቲቭሊ» የሚል ከሆነ ግን የአንደኛው ሲያልቅ የሁለተኛው ስለሚጀምር እስራቱ ስምንት ዓመት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የሦስት ዓመት ልዩነት የተንጠለጠለው ከ«ረን» ቀጥሎ በመጣው ተውሳከ ግሥ ላይ ሲሆን፣ ተርጓሚው ሁለቱንም «አብረው ይፈጸማሉ» ብሎ ቢያልፍ በሰው ዕድሜ ላይ ተሳሳተ ማለት ነው። ስለዚህ «በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ይታሰባሉ» እና «አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀጥላል» ብለው ቢያፍታቱት እመርጣለሁ፤ ዐረፍተ ነገሩ መርዘሙ በእንዲህ ያለ ሰነድ ላይ ነውር አይደለም።

በንብረት ሕግ ደግሞ «ረን ዊዝ ዘ ላንድ» የሚባል አነጋገር አለ። ከመሬቱ ጋር አብሮ ይሮጣል ብለው ቢተረጉሙት ፌዝ ይመስላል። ትርጉሙ ግን ቁም ነገር ያለው ነው፤ አንድ ግዴታ ወይም መብት ከተዋዋዮቹ ሰዎች ጋር ሳይሆን ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ መሆኑን፣ መሬቱ ሲሸጥ ወይም በውርስ ሲተላለፍ ግዴታው አዲሱን ባለቤት ተከትሎ የሚሄድ መሆኑን ይናገራል። ለጎረቤት መተላለፊያ የመተው ግዴታ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ከመሬቱ ጋር የሚተላለፍ ግዴታ» ቢባል በቂ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ «ረን»ን ብቻውን እንደ ምንም እረዳዋለሁ፤ ከኋላው «አውት»፣ «ኢንቱ»፣ «ኦቨር»፣ «ዳውን» ሲከተሉት ግን ጨርሶ ይጠፋኛል። በተለይ ስለ ጊዜና ስለ ገንዘብ ማለቅ ስናገር መምህሬ ደጋግመው ያርሙኛል።

መልስ፦ ስለ ማለቁ እንጀምር፤ መምህርዎ የሚያርሙት ስሕተት ከአማርኛ ሰዋስው የሚመነጭ ስለሆነ። እኛ «ጊዜ አለቀብን» ስንል የሚያልቀው ጊዜው ነው፤ እኛ የምንገባው በግሡ መጨረሻ ላይ በተቀጠለችው «ብን» በኩል ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ለዚሁ ሐሳብ ሁለት በር አለው። ባለቤቱ ጊዜው ከሆነ ጊዜው «ረን አውት» ይላል፤ ነገሩም በዚያ ያበቃል። ባለቤቶቹ እኛ ከሆንን ግን እኛ ጊዜን «ረን አውት ኦፍ» እንላለን፤ «ኦፍ» የግድ ትገባለች። ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሁለቱን ሲቀላቅሉ ነው፦ ጊዜውን ባለቤት አድርገው በመጨረሻው ላይ «ኦፍ»ን ያንጠለጥላሉ፣ ወይም ራሳቸውን ባለቤት አድርገው «ኦፍ»ን ይዘሏታል። «ብን» የምትለዋን የአማርኛ ቅጥያ በአእምሮዎ ይያዙ፤ እሷ የምትወክለውን ሰው ወደ ዐረፍተ ነገሩ ፊት ባመጡ ቁጥር «ኦፍ» ትከተልዎታለች።

«ረን ኢንቱ» ድንገተኛ መገናኘትን ይናገራል፤ የሚለያየው ከምን ጋር እንደሆነ ነው። መኪና ከግድግዳ ጋር ከሆነ ገጨ፤ ሰው ከወዳጁ ጋር ከሆነ ሳያስበው አገኘው፤ ዕቅድ ከችግር ጋር ከሆነ ችግር ገጠመው እንላለን። ወጪ ወደ ሚሊዮኖች «ረን ኢንቱ» ሲል ግን ግጭት የለም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሆኗል ማለት ነው።

«ረን ኦቨር» ላይ የተውላጠ ስሙ ቦታ ትርጉም ይለውጣል። መኪና ሰውን ሲድጥ ተውላጠ ስሙ በ«ረን» እና በ«ኦቨር» መካከል መግባት ይችላል፤ እንዲያውም በአብዛኛው የሚገባው እዚያ ነው። ማስታወሻን አለፍ አለፍ እያሉ መከለስ ለማለት ሲፈለግ ግን ተውላጠ ስሙ ሁልጊዜ ከ«ኦቨር» በኋላ ይመጣል። ማስታወሻዬን ከለስኩት ለማለት አስበው ተውላጠ ስሙን በመካከል ቢያስገቡት ማስታወሻዎን በጎማ እንደዳጡት ሆኖ ይሰማል። ስብሰባ «ረን ኦቨር» ሲል ደግሞ ከተመደበለት ሰዓት አለፈ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ተሳቢ የለም።

«ረን ዳውን» ባትሪን ማድከም፣ ሰውን ገጭቶ መጣል፣ በሌላው ስም ላይ ማጣጣል ሊሆን ይችላል። ለዚህ ቃል ጆሮዎን ያቁሙለት፤ ድምፁ በ«ረን» ላይ ሲጠነክር ስም ይሆንና አጭር መግለጫ ማለት ሲሆን፣ ወደ «ዳውን» ሲያደላ ግን የተጎሳቆለ ሕንፃን ወይም የተዳከመ ሰውን የሚገልጽ ቅጽል ይሆናል።

ጥያቄ፦ የውጭ ዜና አዘወትራለሁ። ባንክ ላይ «ረን» ሆነ፣ ዕጩው ለፕሬዚዳንትነት «ረን» አለ፣ ምርጫው ወደ «ረን-ኦፍ» አመራ የሚሉት ሁሉ ምን የሚያገናኛቸው ነገር አለ?

መልስ፦ ምርጫውና ባንኩ የሚገናኙት በሩጫው ብቻ ነው፤ የሩጫው ዓይነት ግን ይለያያል።

የባንኩ እንዲህ ነው። ባንክ ከሰበሰበው ተቀማጭ አብዛኛውን አበድሮ በእጁ የሚያስቀረው ጥቂቱን ስለሆነ፣ ባለ ገንዘቦቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከመጡበት ጤናማ የነበረው እንኳ ሊወድቅ ይችላል። ይህን የሚያውቅ አስቀማጭ ሌላው ሳይቀድመኝ ብሎ ይሽቀዳደማል፤ ሽሚያው ራሱ የተፈራውን ውድቀት ያመጣዋል። በአማርኛ «ገንዘብ የማውጣት ሽሚያ» ብንለው የሚያስማማ ይመስለኛል። በሴፕቴምበር 2007 በብሪታንያ ኖርዘርን ሮክ የተባለው ባንክ ደጃፍ ላይ ሰዎች ረጃጅም ሰልፍ ይዘው ታይተዋል። በአሜሪካ በሲሊከን ቫሊ ባንክ ላይ በማርች 9 ቀን 2023 የሆነው ግን ሌላ መልክ ነበረው፤ ደንበኞቹ በአንድ ቀን ውስጥ 42 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣላቸው ሲያዝዙ አብዛኞቹ ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ ትእዛዙን ያስተላለፉት በኢንተርኔት ነበር። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ሯጭ የሌለበትን ነገር አሁንም «ረን» ይሉታል።

የምርጫው ቃል የተስፋፋው ከአሜሪካ ነው። እንግሊዛውያን ዕጩ ለምክር ቤት «ስታንድ» አለ፣ ማለትም ቆመ፣ ይላሉ፤ አሜሪካውያን ግን «ረን» አለ፣ ሮጠ ማለትን ይመርጣሉ። እኛ «ተወዳደረ» ስለምንል ለሁለቱም ይሆነናል። የምርጫ ቋንቋው ከሩጫ ሜዳ ብዙ ተውሷል። የፕሬዚዳንት ዕጩን ተጣምሮ የሚወዳደረው ምክትል «ረኒንግ ሜት» የሚባለው በፈረስ እሽቅድምድም ከአንድ ጋጣ ወጥቶ ዋናውን ፈረስ እንዲያግዝ በሚሰለፈው ፈረስ ስም ነው። ሁለተኛ የወጣው «ረነር-አፕ» መባሉ ከውሻ እሽቅድምድም የመጣ ሲሆን፣ በመጨረሻው ዙር ብቻ የተሸነፈው ውሻ ይባልበት ነበር። «ረን-ኦፍ» ደግሞ እኩል የወጡ ተወዳዳሪዎች የሚለዩበት ተጨማሪ ሩጫ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ዙር ምርጫ ለማለት ያገለግላል። በፈረንሳይ የፕሬዚዳንት ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያገኘ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ይወዳደራሉ፤ በ2022 ምርጫው ኤፕሪል 10 እና ኤፕሪል 24 የተካሄደው በዚሁ ምክንያት ነው። ያው ቃል በአካባቢ ጥበቃ ጽሑፍ ውስጥ ከመጣብዎ ግን መሬት ሳያሰርገው በገጽ ላይ የሚሄድ የዝናብ ውኃ ነውና ምርጫ ፍለጋ አይድከሙ።

በዜና ንባብ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልብ ይበሉ። አንድ ሰው ለፕሬዚዳንትነት «ረን» እያለ ነው ከተባለ ዕጩው እሱ ነው። የምርጫ ዘመቻውን «ረን» እያደረገ ነው ከተባለ ግን ዘመቻውን የሚመራው ነው፤ ዕጩው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው መልስ ያነሣነው የተሳቢ ጉዳይ እዚህም ይሠራል።

ጥያቄ፦ በክሪኬት ጨዋታ ሳይሮጡ «ረን» ይቆጠራል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሁለቱ መቺዎች ቦታ ተለዋውጠው ሲሮጡ እያንዳንዱ ልውውጥ አንድ «ረን» ይቆጠርላቸዋል። ኳሷ መሬት ነክታ የሜዳውን ወሰን ካለፈች ግን 4፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች ደግሞ 6 ያለ ሩጫ ይሰጣቸዋል። በአማርኛ «ነጥብ» ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ አንዳንድ የእንግሊዝኛ ተወላጆች «ሃዝ ራን» ሲሉ እሰማለሁ። ትክክል ነው?

መልስ፦ በንግግር ይሰማል፤ በጽሑፍ ግን አይፈቀድም። «ራን» ብቻውን የሚቆም ኃላፊ ጊዜ ነው፤ «ሃዝ»፣ «ሃቭ» ወይም «ሃድ» ሲቀድሙት ቅርጹ ወደ «ረን» ይመለሳል። ፈተና ላይ «ሃድ ራን» የሚል ምርጫ ካዩ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ወጥመድ ነውና ይለፉት።